ቢኬ ብርጭቆውን ለምን ራሱ አጠበ?

ይህን የምጽፈው አረብ አገር ከኔፓሎች ጋር ለምትሠሩ፣ አንድ ክፍል አብራችሁ ለምትኖሩ፣ ወይም በሥራ ጉዳይ ወደ አገራቸው ለምትሄዱ ነው። እኔ ሳላውቅ የሠራሁትን ስህተት እናንተ እንዳትደግሙት። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ዶሃ ውስጥ በያጅ ነኝ። የምንኖረው ኢንዱስትሪያል ኤርያ በሚባለው ሰፈር፣ ካምፕ ውስጥ ነው። አንድ ክፍል ስድስት ሰው፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ለሦስት ክፍል አንድ ወጥ ቤት። ከስድስታችን አራቱ ኔፓሎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ አብሮኝ የሚበይድ፣ በአራት ዓመት የሚበልጠኝ ሰው ነው። ቢኬ ይባላል። በቃ ቢኬ። ፎርማኑም፣ ጥበቃውም፣ የደሞዝ ወረቀቱም ቢኬ ነው የሚለው። የቁልምጫ ስም መስሎኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ነው። ዓርብ እረፍት ስለሆነ ሁሉም ያበስላል። ከኔፓሎቹ አንዱ ሩዝ ጥዶ ስልክ ሊያወራ ወጣ፤ ሩዙ ይገነፍል ጀመር። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር "ቢኬ፣ አውርደው እንጂ!" አልኩት። አመነታ። "እያረረ እኮ ነው!" ስለው ክዳኑን ከፈተና ድስቱን አወረደው። ሰውየው ተመለሰ። ድስቱን አየ፣ ቢኬን አየ፣ ምንም አላለም። ሩዙን እንዳለ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠው፣ ድስቱን በሳሙና አሸት አሸት አድርጎ አጠበ፣ ከጆንያው ሌላ ሩዝ ሰፈረ። ቢኬም ምንም አላለም። ምስሩን ማማሰሉን ቀጠለ።

ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ማረሻና ማጭድ እየሠራ ነው ያሳደገን። ጠይብ የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ፤ ተከትሎት የሚመጣውንም ቃል ታውቁታላችሁ። እናቴ በጎረቤት ደጅ ስታልፍ ፊቱ በነጠላ የሚሸፈን ሕፃን በዓይኔ አይቻለሁ። ማረሻቸው ሲዶለዱም አባቴን "ጋሼ፣ እባክህ" የሚሉት ሰዎች ልጃቸውን ሲድሩ ይረሱታል። ዶሃ ከመጣሁ በኋላ ግን አበሾቹ "አባትህ ምን ይሠራል?" ሲሉኝ "ገበሬ ነው" እላለሁ። ዓመታት ሙሉ ገበሬ ነው አልኩ። ሌላም ምክንያት አለኝ ያልኩት ይኸው ነው።

የዚያን ቀን ማታ ጣሪያ ላይ ወጥተን ቢኬን ይቅርታ ጠየቅሁት። የምናወራው አረብኛ፣ ሂንዲና እንግሊዝኛ በተደባለቀበት የካምፕ ቋንቋ ነው። ሳቀ። "ስሜን ምን መሰለህ?" አለኝ። ቢኬ ማለት ቢሽዎካርማ በአጭሩ ነው። ቢሽዎካርማ በሂንዱ እምነት የእጅ ጥበብ አምላክ ስም ሲሆን፣ አንጥረኞችና ቀጥቃጮች የቤተሰብ ስም አድርገው ይዘውታል። ድሮ ካሚ ነበር የሚባሉት፤ ያ ቃል በሰው አፍ ሲወጣ ስድብ ስለሚመስል ቢሽዎካርማን መረጡ። ምን ያደርጋል፣ ስሙ ሲቀየር ንቀቱም አብሮ ተዛወረ። አሁን ቢኬ ሲባል ማንም ኔፓል ያውቃል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከነከነኝ። እኛ ስማችን ላይ የአባት ስም እንጂ የዘር ስም የለም። ስለዚህ መደበቅ ይቻላል፤ እኔ ተደብቄያለሁ። የእነሱ ግን ፓስፖርታቸው ላይ ተጽፏል። ሻርማ፣ አቻርያ፣ ኮይራላ ካለ ባሁን ነው፤ የካህናቱ ወገን። ካርኪና ባስኔት ቼትሪ ናቸው፤ የድሮ ወታደርና ሹም። ጉሩንግ፣ ታማንግ፣ ራይ፣ ሊምቡ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የተራራው ብሔረሰቦች ናቸው። ፓሪያር ከሆነ ግን ዳማይ ነው፤ ልብስ ሰፊና የሠርግ ሙዚቀኛ። ሳርኪው ቆዳ ይሠራል። ጋንዳርባው ሳራንጊ የምትባል ማሲንቋችንን የምታስታውስ መሣሪያ ይዞ ከመንደር መንደር ይዘፍናል፤ በእኛ አዝማሪ እንደምንለው። ቀጥቃጭ፣ ሰፊ፣ ፋቂ፣ አዝማሪ። ሂማሊያ ሥር ያለ አገር የእኛን የስድብ መዝገብ ይዞ ቁጭ ብሏል።

እነዚህን በአንድ ላይ ዳሊት ይሏቸዋል። አገሪቱ ወደ 29 ሚሊዮን ሕዝብ አላት፤ ከመቶ 13 ያህሉ ዳሊት ነው።

ደረጃው በልማድ ብቻ የመጣ አይደለም፣ በሕግ ተጽፏል። በፈረንጆች 1854 ላይ (እነዚህን ዓመቶች በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ጃንግ ባሃዱር ራና የተባለው የአገሪቱ ገዥ ሙሉኪ አይን የሚባል ሕግ አስወጣ። ሕዝቡን ከላይ እስከ ታች ደረደረው። መለኪያው ውኃ ነው። ውኃቸው የሚጠጣና ውኃቸው የማይጠጣ። ውኃቸው ከማይጠጣው ውስጥ ደግሞ ቢነኩህ ምንም የማይሆኑና ቢነኩህ ውኃ ተረጭተህ መንጻት ያለብህ። ቢኬዎች የመጨረሻው ረድፍ ውስጥ ገቡ። ቅጣቱም እንደ ደረጃው ይለያይ ነበር። ይህ ሕግ 1963 ላይ በሌላ ተተካ። 2006 ላይ ፓርላማው ኔፓል ከእንግዲህ ማንም የማይነካ ሰው የሌለባት አገር ናት ብሎ አወጀ። 2011 ላይ ሰውን በዚህ ምክንያት ማግለል ወንጀል ሆነ። 2015 ላይ በወጣው ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለ ዳሊት መብት ብቻ የሚናገር አንቀጽ አለ፤ አንቀጽ 40። ወረቀቱ ሞልቷል። እኛስ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው አልነበር? አባቴ ያንን አዋጅ ሰምቶት አያውቅም፤ ስድቡን ግን በየቀኑ ይሰማው ነበር።

2020 ላይ በኮሮና ሰፈራችን ተዘግቶ ከክፍል መውጣት በማይቻልበት ሰሞን፣ ግንቦት መሆኑ ነው፣ የኔፓሎቹ ስልክ በአንድ ጊዜ መንጫጫት ጀመረ። ናባራጅ ቢኬ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ምዕራብ ሩኩም ወደሚባል ወረዳ ሄዶ ነበር፤ የሚወዳትን ልጅ ሊያመጣ። ልጅቷ ከላይኛው ወገን ናት። የመንደሩ ሰው አሳደዳቸው፣ ወደ ቤሪ ወንዝ ነዳቸው። ስድስት ወጣቶች ሞቱ። (ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2023 ማብቂያ፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ከ20 በሚበልጡ ሰዎች ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ።) ያን ምሽት ክፍላችን ውስጥ አራት ኔፓሎች አራት ስልክ ላይ አንድ ዜና ያያሉ። ሩዙን የደፋው ሰውዬ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ መብራቱን አጠፋ። ያለ ወትሮው በ2 ሰዓት ተኛን።

2022 ላይ ለዓለም ዋንጫው ሲባል ሥራ ቀዘቀዘና ፈቃድ ውጡ ተባልን። ቢኬ ለዳሻይን በዓል ወደ አገሩ ሲሄድ "ና አብረን እንሂድ" አለኝ። ሄድኩ። ለምትሄዱ አንድ ነገር፦ በእኛ ፓስፖርት ኤርፖርት ላይ ቪዛ አይሰጥም፤ ዶሃ ካለው ኤምባሲያቸው አስቀድሜ ነው የጨረስኩት። ሌላው ደግሞ የዘመን ነገር ነው። እኛ ገና መስከረም 2015 ገብተናል፣ ዶሃ 2022 ነው፣ እነሱ ጋ ስደርስ 2079 ሆኖ ጠበቀኝ። ከአዲስ አበባም በሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማሉ፤ ያቺ 45 ደቂቃ ምን እንደምትሠራ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቅኝ አልተገዛንም ብለው ሲኮሩ ደግሞ ልክ እንደ እኛ ነው፤ በዚህ ቶሎ ተግባባን።

ከካትማንዱ ፖክራ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። ከፖክራ ወደ ባግሉንግ ደግሞ ሌላ አውቶቡስ። በየመንገዱ "እግር ኳስ ተጫዋች ነህ?" ይሉኛል። ጥቁር ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚመጣላቸው እሱ ነው። ቢኬ መልስ ሰለቸውና መጨረሻ ላይ "አዎ፣ በረኛ ነው" ማለት ጀመረ።

አሁን ወደ ብርጭቆው ልምጣ።

ወደ መንደሩ የሚያስወጣው መንገድ ግርጌ አንዲት ሻይ ቤት አለች። ባለቤቱ ቢኬን ሲያይ ደስ አለው፤ ስለ ዶሃ ጠየቀው፣ ስለ ደሞዝ ጠየቀው፣ የእኔን ጸጉር አይቶ ሳቀ። የወተት ሻይ በብርጭቆ አመጣልን፣ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ። ጠጣን። ቢኬ ተነሳና ብርጭቆውን ይዞ ቧንቧው ጋ ሄደ። አለቀለቀው። በጣቱ ዙሪያውን አሸው። ከዚያ ግንቡ ላይ፣ ከሌሎቹ ብርጭቆዎች ፈንጠር አድርጎ ደፋው። አዲስ የገዛው የዶሃ ጫማ ላይ ውኃ ተረጭቶበታል። የእኔን ብርጭቆ ባለቤቱ ራሱ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። እኔ ቀድሜው አነሳሁና እንደ ቢኬ አጠብኩት፣ ከቢኬ ብርጭቆ አጠገብ ደፋሁት። ባለቤቱ "እንግዳ፣ ተው፣ ተው" አለ። አልተውኩም። ከዚያም ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በቁጣ ቆሜ አየሁት። ሰውየው ፊቱ ቀላ፣ ወደ ውስጥ ገባ።

ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ዳገቱን እየዘለልኩ ነው የወጣሁት። ማታ የቢኬ አባት ወሬውን ሰምተዋል። መንደር ነውና። እኚህ ሽማግሌ በዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣሉ፤ እኔም እንደ ልጆቻቸው "ባ" ነው የምላቸው። በቢኬ አስተርጓሚነት እንዲህ አሉኝ፦ "አንተ ከነገ ወዲያ ትሄዳለህ። እኛ ሻይ የምንጠጣው እዚያው ነው። ዘይትና ስኳር በዱቤ የምንወስደውም ከዚያው ነው። በድሮ ጊዜ እዚያች ወንበር ላይ መቀመጥም የለም፣ መሬት ነበር። ይህ ባለ ሻይ ቤት ከአባቱ ይሻላል። አሁን ያሳፈርከው ሰውዬ ንዴቱን በማን ላይ የሚወጣ ይመስልሃል?" ጠዋት ቢኬ ወርዶ ከሰውየው አንድ ካርቶን ብስኩት ገዛ። አያስፈልገንም ነበር። የእኔን ጀግንነት ዕዳ እየከፈለ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ እንግዳ ሆናችሁ በሰው ቤት አብዮት አታስነሱ። አብሯችሁ ያለውን ሰው አስቀድማችሁ "ምን ላድርግ?" ብላችሁ ጠይቁት። ቢኬ በኋላ የነገረኝ እንዲህ ነበር፦ "እኔ ከምጠጣው ጠጣ፣ ቤቴ እደር፣ እናቴ የሠራችውን ብላ። ይህን ሰው ሁሉ ያየዋል። ይበቃል።" እውነቱን ነው። የውጭ አገር ሰው እነ ቢኬ ቤት ስድስት ቀን አድሮ በላ የሚለው ወሬ ብርጭቆ ከማጠቤ የበለጠ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ሰነበተ።

አባትየው አሁንም ይሠራሉ። የብረት መቀጥቀጫ ቤታቸው አራን ይባላል። ከሳር ክዳን ሥር ከሰል፣ ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት። ቋንቋው ይለያል እንጂ ቤታችን የገባሁ ነው የመሰለኝ። ወናፉን ያዝኩ። ሁለት ጊዜ ከነፋሁ በኋላ አቁመው አሉኝና እጄን አይተው ለቢኬ የሆነ ነገር ተናገሩ። "ይሄ ልጅ ተምሮ አይደለም፣ ተወልዶበት ነው" ማለታቸው ነው። ዶሃ ስምንት ሰው ሲጠይቀኝ ያልተናገርኩትን እዚያ ከሰል ፊት ተናገርኩ፤ አባቴ ቀጥቃጭ ነው አልኳቸው። ጉጠቱን ሰጡኝ። ማጭድ አብረን ሠራን። ሦስተኛው ላይ አጣመምኩት፣ ሳቁብኝ።

ክፍያው ድሮ በገንዘብ አልነበረም። ባሊ የሚባል ሥርዓት አለ። ቀጥቃጩ ዓመቱን ሙሉ የደንበኞቹን ማጭድና ዶማ ያድሳል፣ ልብስ ሰፊው ዓመቱን ሙሉ ይሰፋል፣ ሰብል ሲሰበሰብ እህል ይሰፈርላቸዋል። ስንት እንደሚሰፈር የሚወስነው ሰፋሪው ነው። ልብ በሉ፣ የእኔ አባትም እንዲሁ በቁና ነበር የሚቀበለው። ችግሩ እህሉ ማነሱ ብቻ አይደለም። ገንዘብ እጁ ያልገባ ሰው መሬት አይገዛም፣ ልጁን ከተማ ልኮ አያስተምርም፣ ባንክ አያውቀውም። ባግሉንግ ላይ ይህን ቀደም ብሎ ያየ ሰው ነበር፤ ሳርባጂት ቢሽዎካርማ ይባላል፣ 1947 ላይ የዳሊቶችን ማኅበር እዚያው አቋቁሟል። አባትየው ስሙን ሲጠሩ ቀና ብለው ነው።

የቢኬ አክስት የምርጫ ክልላቸው ተመራጭ ናቸው። የኔፓል የአካባቢ ምርጫ ሕግ ደስ ይላል፦ አገሪቱ ውስጥ 6,743 ዋርድ አለ፣ እንደ ቀበሌ ቁጠሩት፤ እያንዳንዱ አንድ ሊቀመንበርና አራት አባላት ይመርጣል፣ ከአራቱ ሁለቱ ሴቶች መሆን አለባቸው፣ ከሁለቱ አንዷ የግድ ዳሊት። ይህ ባይኖር አክስትየው በሕልማቸውም አይመረጡም ነበር። ተመረጡ። ከዚያስ? ለመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ሰዓቱን የነገራቸው የለም። ሲያልቅ አንድ ልጅ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ቤታቸው ድረስ ይመጣል፤ "ፈርሚ"። ሁለት ጊዜ ፈረሙ። በሦስተኛው ስድስተኛ ክፍል የምትማረዋን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው "አንብቢልኝ" አሏት። ልጅቷ ጮክ ብላ ስታነብ ቃለ ጉባኤው ውስጥ እሳቸው ተናገሩ የተባለ ነገር ተገኘ! ያልተገኙበት ስብሰባ ላይ ስለ መንገድ ጥገና አስተያየት ሰጥተዋል። አልፈርምም አሉ። ያለ ፊርማቸው ቃለ ጉባኤው ጎዶሎ ስለሆነ ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ። በር ላይ ቆሞ ለመናቸው። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን በስልክ ይነግሯቸዋል። ይህን ሲያወሩ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ትምህርት የሆነኝ የእሳቸው ነው፦ ወንበሩን ሕግ ይሰጥሃል፤ ሰዓቱን የሚነግርህ ግን ሰው ነው። ለእርዳታ ድርጅት የምትሠሩ ሰዎች፣ "ዳሊት ተወካይ ተገኝታለች" የሚል ወረቀት ስታዩ ስብሰባው መቼና የት ነበር ብላችሁ እሷኑ ጠይቁ። ያለ ሊቀመንበሩ። ቤቷ ሄዳችሁ።

የቢኬ ታናሽ እህት ደግሞ ሌላ ታሪክ ናት። እኔን "ዳይ" ትለኛለች፣ ወንድሜ እንደማለት፤ እኔም "ባሂኒ" እላታለሁ። ዲግሪ አላት። ሎክ ሴዋ የሚባለውን የመንግሥት ሥራ መቀጠሪያ ፈተና ለመውሰድ ነበር የምታጠናው። እዚያ አገር ይህ ፈተና ቀልድ አይደለም፤ ወጣቱ ሁለትና ሦስት ዓመት ይማስንበታል። ሰዎች "ዳሊት ኮታ አለው፣ ምን ጎደለበት" ይላሉ። እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ከ2007 ጀምሮ በውድድር ከሚሞላ መቶ ቦታ 45ቱ ለተገለሉ ወገኖች ይለያል። ከዚያ 45 ውስጥ ለሴቶች 33 በመቶ፣ ለብሔረሰቦች 27፣ ለደቡቡ ሜዳ ሕዝብ ለማዴሲዎች 22፣ ለዳሊት 9፣ ለአካል ጉዳተኞች 5፣ ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች 4። የ45 ዘጠኝ በመቶ ማለት አራት ነው። ከመቶ ወንበር አራት፣ ከመቶ ሰው 13 ለሆነ ሕዝብ። በዚያች አራት ነው "ሁሉን ወሰዱት" የሚባሉት።

ለፈተናው ማጠናከሪያ ለመማር ካትማንዱ መከራየት ነበረባት። ባኔሽዎር ሰፈር በር ላይ "ይከራያል" የሚል ወረቀት አይታ ገባች። አከራይዋ ደግ ሴት ነበሩ፤ ሻይ አፈሉላት፣ ዋጋ ተስማሙ፣ መታጠቢያውን አሳዩዋት፣ ቅዳሜ ግቢ አሏት። ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ "ታርሽ ማን ነው?" አሉ። የቤተሰብ ስምሽ ማለት ነው። ነገረቻቸው። "እሺ፣ እስቲ ባለቤቴን ላማክረው።" በማግስቱ ስትደውል ክፍሉ ተይዟል። ማጠናከሪያዋ ስትሄድ መንገዷ በዚያ ነው፤ ወረቀቱ በሩ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየ፣ ዝናብ እስኪቦጭቀው ድረስ። "ዳሊት ስለሆንሽ አላከራይሽም ያለኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም" አለችኝ። "ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ነው ሁልጊዜ።" ክስ መመሥረት ከባድ የሚሆነውም በዚህ ነው። 2021 ላይ ሩፓ ሱናር የምትባል የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በዚሁ ጉዳይ ከስሳ አገር ተናወጠ። አከራይዋ ታሰሩ፣ ቆይተው ተፈቱ፣ ሲፈቱ የዚያን ጊዜው የትምህርት ሚኒስትር በመንግሥት መኪና ቤታቸው አደረሳቸው። የትምህርት ሚኒስትር! ባሂኒ ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም፤ ድንች እየላጠች ነበር፣ ድንቹን ግን ከመጠን በላይ አሳነሰችው።

በመጨረሻ ክፍል ያገኘችው በጓደኛዋ በታማንጓ ስም ነው። በጓደኛ ስም መኖር ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ዓመታት በገበሬ ልጅ ስም ኖሬያለሁ።

የማይመች ነገርም ልጻፍ፣ አለዚያ ታሪኩ ይጣፍጣል። አንድ ማታ ቢኬን "እህትህ ዳማይ ብታገባ?" አልኩት። ዳማይም እኮ ዳሊት ነው። ዝም አለ። ከዚያ "እናቴ አትፈቅድም" አለ። ባለቤቴን ላማክረው እንደማለት። ቀጥቃጩ ከልብስ ሰፊው እበልጣለሁ ይላል፣ ደቡቡ ሜዳ ላይ ያሉት ዶምና ሙሳሃር የሚባሉት ደግሞ ከሁሉም በታች ናቸው። ልስቅበት ፈልጌ ነበር። ግን እናቴ ስለ ሸክላ ሠሪዎች የምትለው ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ።

ዶሃ ስንመለስ የተለወጠ ነገር ብዙ የለም። ለእናንተ ግን ከልምድ የምላችሁ ይህን ነው። ኔፓሎች ሲተዋወቁ ስም ብቻ ከተናገሩ የቤተሰብ ስም አትጎትጉቱ፤ እኛ "የት አካባቢ? የማን ልጅ?" ማለት ስለለመድን ደግነት ይመስለናል። ክፍል የምትደለድሉ ከሆናችሁ "አገር ለአገር ይሁኑ" ብላችሁ አራት ኔፓል አንድ ላይ መዝጋት ሁልጊዜ ውለታ አይደለም። ፎርማን ከሆናችሁ ደግሞ ረዳት ስትመርጡ "ከእናንተ ማን ይሻላል?" ብላችሁ ለእነሱ አትተዉት፤ መልሱ ብየዳውን አይቶ ላይሆን ይችላል። ብረት ስጧቸው፣ ይበይዱ፣ ብየዳውን እዩ። እኛ ክፍል እንዲያ ተደርጎ ቢኬ ቡድን መሪ ሆነ። ሩዙን የደፋው ሰውዬ አሁን በእሱ ሥር ነው፣ ይታዘዘዋል፣ በሥራ ላይ ይቀልዳሉም። ድስቱን ግን ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል።

እኔም አንድ ቀን ቡና ላይ "አባትህ ገበሬ ነው አይደል?" ስባል "አይደለም፣ ቀጥቃጭ ነው" አልኩ። ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናውን እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቀዳችልኝ። ቶናውንም ቀዳችልኝ። በረካው ላይ ሁለት ሰዎች ሥራ አለብን ብለው ተነሱ፤ ምናልባት እውነትም ሥራ ነበራቸው።

ባሂኒ በሁለተኛው ሙከራዋ ፈተናውን አለፈች። ካሪዳር የሚባል የጸሐፊነት ደረጃ ነው፣ ከሰፈሯ ሩቅ በሆነ ወረዳ ተመደበች። ቢኬ ለካምፑ ሁሉ ጣፋጭ ገዛ። እኔ እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ከላክሁላት በኋላ "ክፍል አገኘሽ?" ብዬ ጨመርኩ። መልሱ ዘገየ፤ ማታ ፈረቃ ጨርሼ ስልኬን ስከፍት ነበር የደረሰው።

"እስካሁን ቢሮ ነው የማድረው፣ ዳይ። ጥበቃው ፍራሽ አውሶኛል።"